ዶፋር

ዶፋር በኦማን ደቡባዊ ጫፍ፣ በዓረብ ባሕር ዳርቻ የሚገኝ ጠቅላይ ግዛት ነው። በምዕራብ ከየመን፣ በሰሜን ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ይዋሰናል። ዋና ከተማው ሳላላህ ነው። አብዛኛው የዓረብ ልሳነ ምድር በበረሃነቱ የታወቀ ሲሆን፣ የዶፋር ጠረፍና ተራሮቹ ግን በየዓመቱ በጉም ተሸፍነው አረንጓዴ ይለብሳሉ።

የአየር ንብረት

አረንጓዴው ወቅት «ኸሪፍ» ይባላል። ከሰኔ 14 እስከ መስከረም 11 ድረስ ስለሚቆይ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ይገጣጠማል። በእነዚህ ወራት የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የላይኛውን የባሕር ውሃ ከዳርቻው ሲገፋው፣ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። እርጥበት ያዘለው አየር በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ጉሙንም ከጠረፉ ጀርባ ያሉት የቀራና የቀመር ተራሮች ያግዱታል። ስለዚህ በሐምሌ በመዲናይቱ በሙስካት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲያልፍ፣ ሳላላህ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ከተራሮቹ ማዶ ግን ወዲያው በረሃ ይጀምራል።

ዝናቡ በአብዛኛው ካፊያ ነው፤ በሳላላህ ሜዳ በዓመት በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይዘንባል። ደኑ የሚኖረው የዛፎቹ ቅጠልና ቅርንጫፍ ከጉሙ ጠብታ እየለቀሙ ወደ መሬት ስለሚያንጠባጥቡ ነው። የሳላላህ የከርሰ ምድር ውሃም የሚሞላው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። ሣር እንደ ዛፍ ጉም ስለማይይዝ፣ ዛፎቹ በከብት ግጦሽ ሲመናመኑ ውሃውም ይቀንሳል፤ ደኑም በቀላሉ አያገግምም።

ሕዝብና ባህል

ከዓረብኛ ሌላ በተራሮቹ ሽሕሪ (ጅባሊ)፣ በበረሃው በኩል ደግሞ መህሪ ይነገራል። ሁለቱም የዓረብኛ ዘዬዎች ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው። እንደ አማርኛ «ጠ» እና «ቀ» በጉሮሮ ታግደው የሚወጡ ድምፆችም አሏቸው።

የተራራው ሰው ከብት፣ ግመልና ፍየል አርቢ ነው። በኸሪፍ ግመሎች በጭቃው እንዳይንሸራተቱ ወደ ሜዳ ይወርዳሉ።

ዶፋር ከጥንት ጀምሮ የእጣን አገር ነው። የእጣን ዛፉ የሚበቅለው በተለይ ጉሙ በማይደርስበት በደረቁ የተራሮቹ ጀርባ ነው፤ ዝርያውም ከኢትዮጵያው የመተማና የትግራይ እጣን ዛፍ ይለያል። ልጡ ሲፋቅ የሚወጣው ሙጫ ከደረቀ በኋላ ይለቀማል። በየቤቱ ለእንግዳ ክብርና ልብስ ለማጠን ይጨሳል። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. የአል-ባሊድንና የሱምሁራምን ጥንታዊ ወደቦች፣ የሺስርን ፍርስራሽና የዋዲ ዳውካን የእጣን ዛፎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ምግብ

የታወቀው ምግብ በጋለ ድንጋይ ላይ የሚጠበሰው «መድቢ» ነው፤ የፍየል ወይም የግመል ሥጋ ሆኖ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። «መዓጂን» ደግሞ ደርቆና በስብ በስሎ ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ሥጋ ነው፤ ከቋንጣ ጋር ይቀራረባል። በጠረፉ ዓሣ ይዘወተራል፤ የደረቀ ሰርዲን ለከብት መኖም ይሆናል። የሳላላህ ሜዳ ኮኮነት፣ ሙዝና ፓፓያ ያበቅላል፤ በመንገድ ዳር ዳሶችም ይሸጣሉ። እንግዳ የሚስተናገደው ሄል በገባበት ቡናና በተምር ነው።

ለጎብኚዎች

በብዛት የሚጎበኙት የዋዲ ደርባት ሸለቆ፣ የዐይን ረዛት ምንጭና የባሕሩ ሞገድ በዐለት ቀዳዳ ወደ ላይ የሚፈናጠርበት ሙግሳይል ናቸው። በኸሪፍ ባሕሩ ኃይለኛ ስለሚሆን መዋኘት አደገኛ ነው። የተራራ መንገዶችም በጉም ይጋረዳሉ፤ ግመሎችም ያቋርጧቸዋል። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ የሚመጣው «ሰርብ» የተባለው ወቅት ሰማዩ ጠርቶ፣ አረንጓዴው ገና ሳይደርቅ አገሩን ለማየት ይመቻል። በሣሩ ላይ መኪና መንዳት አፈሩን ስለሚጎዳ ከመንገድ አለመውጣት ይገባል።