የኑክሌር ኃይልና የተቆጣጣሪው ሥልጣን

በኢትዮጵያ ስለ ኑክሌር ኃይል የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ማመንጫው የትና መቼ ይተከላል በሚለው ላይ ቢያተኩርም፣ ከዚያ አስቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ ማመንጫው ሥራ እንዲያቆም የማዘዝ ሥልጣን የማን ይሆናል የሚለው ነው። አሜሪካ ልማቱንም ቁጥጥሩንም ለአንድ ኮሚሽን ሰጥታ ከቆየች በኋላ፣ ወቀሳው ስለበረታ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ሁለቱን ለያየች። ጃፓን በአንጻሩ ተቆጣጣሪውን ኑክሌርን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር እንዳቆየች እ.ኤ.አ. በ2011 የፉኩሺማ አደጋ ደረሰባት፤ ነፃ ተቆጣጣሪ ያቋቋመችውም ከአደጋው በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል ብትሆንም፣ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ነው። ጥበቃው ያስፈለገውም ለማመንጫ ሳይሆን ለሆስፒታል ነበር። ከደጀን የዓባይን በረሃ አቋርጦ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የካንሰር ታማሚ የጨረራ ሕክምና ያገኝ የነበረው ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ ማእከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ለሕክምናው የሚያገለግለው ኮባልት-60 የተባለው ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር በየአምስት ዓመት ከሩብ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በደከመ ቁጥር ታማሚው በመሣሪያው ሥር የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል። ተነቅሎ ሲወጣም ገና አደገኛ በመሆኑ ጨረራ በማያሳልፍ መያዣ ተቆልፎና ተመዝግቦ ሊጠበቅ ይገባል።

የኑክሌር ማመንጫ ግን ከዚህ እጅግ የከበደ ነገር ነው። የአቶም መሰንጠቁ ቢቆም እንኳ በነዳጁ ውስጥ የተጠራቀሙት ንጥረ ነገሮች ሙቀት ማመንጨታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቋረጥ መሥራት አለበት፤ በፉኩሺማ ሱናሚው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ባጠፋ ጊዜ ነዳጁ የቀለጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር የተፈራረመች ሲሆን፣ ልማቱን የሚመራ ኮሚሽንም አቋቁማለች። የጨረራ ቁጥጥሩ ሥራ ደግሞ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። የማመንጫ መርማሪን አሠልጥኖ ለማብቃት ዓመታት ስለሚወስድ፣ ተቆጣጣሪው የራሱን በጀትና ባለሙያ ሊያገኝ የሚገባው የግንባታው ውል ከተፈረመ በኋላ ሳይሆን፣ ቦታው ገና በሚጠናበት በአሁኑ ጊዜ ነው።