በባዶ እግር ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት የመጸዳጃ ቤት አያያዝ

ጃፓን በምሥራቅ በኩል በባሕር የተከበበ የደሴቶች አገር ነው። ስሙም በአገራችን የታወቀው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት ወደዚያ ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። በዚያ አገር ከሚማሩት የትግል ጥበቦች አንዱ ጁዶ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የልስላሴ መንገድ» ማለት ነው። ያቋቋሙት ጂጎሮ ካኖ የሚባሉ መምህር ናቸው። እርሳቸውም በ1882 (የጃፓን ነገር በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በቶኪዮ ከተማ፥ ኤይሾጂ በሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፥ 12 ምንጣፍ ብቻ በምትይዝ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኋላም በቶኪዮ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አለቃ ሆነው ብዙ ዘመን አገለገሉ። ስለዚህ ጁዶን የጉልበት መፈተኛ ብቻ ሳይሆን የሰውነትና የጠባይ ማረሚያ አድርገው አስተማሩት።

ከዚህ በታች የሚነገረው ግን ስለ ትግሉ አይደለም። ብዙ ሰው ሊናገረው ስለሚያፍረው ነገር፥ ይኸውም የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቱን በምን እንደሚያደራጅና እንዴት እንደሚይዝ ነው። የሚያሳፍረውስ ቈሽሾ መገኘቱ እንጂ ስሙን መጥራት አልነበረም።

የጁዶ መማሪያ አዳራሽ ዶጆ ይባላል። ወለሉ ታታሚ በሚባል ምንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ጥንት ከሩዝ ጭድ ተደልድሎ ይሠራ ነበር፥ ዛሬ ግን በአብዛኛው ስፖንጅ የመሰለ ነገር በላስቲክ ተለብጦ ይሠራል። ተማሪው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይገባል። ከመጀመሩ አስቀድሞ ተንበርክኮ እጆቹን በምንጣፉ ላይ አኑሮ እጅ ይነሣል፤ ባልንጀራው በጣለው ጊዜም ጀርባው፥ ትከሻው፥ አንዳንድ ጊዜም ጕንጩ እግር በረገጠው ስፍራ ላይ ያርፋል። እንግዲህ በዶጆ ውስጥ የእግር ስፍራና የፊት ስፍራ አንድ ነው። መጸዳጃ ቤት የረገጠ እግር ተመልሶ ምንጣፉን ቢረግጥ፥ ያመጣውን ዕድፍ የሚቀበለው ወለሉ ብቻ አይደለም፤ የባልንጀራው ፊት ነው።

ይህን ለመከልከል ጃፓኖች ያበጁት ሥርዓት ቀላል ነው። ከደጅ የመጣው ጫማ በመግቢያው ይቀራል። ከምንጣፉ ወርዶ በመተላለፊያው ለሚሄድ ሰው ዞሪ የሚባል ነጠላ ጫማ በምንጣፉ ጠርዝ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። በመጸዳጃ ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ከዚያ ክፍል ፈጽሞ የማይወጣ ሌላ ነጠላ ጫማ ይቀመጣል። የሚገባው ሰው ዞሪውን ከደጃፉ ውጭ ትቶ የውስጡን ይጫማል። ሲወጣም የውስጡን አውልቆ፥ ጫፉ ወደ ውስጥ እንዲመለከት አዙሮ ያኖረዋል፤ ይህም ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው በእጁ ሳይነካ እግሩን ብቻ እንዲያስገባ ነው። ለማያውቀው ሰው የሚያሳይ ትሕትና በዚህች ትንሽ ሥራ ይታያል።

ጀማሪ ልጅ ይህን መርሳቱ የታወቀ ነው። ልቡ ወደ ትግሉ ስለሚቸኩል የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ እንደ ተጫማ እስከ ምንጣፉ ጠርዝ ይመጣል፥ ጓደኞቹም ይሥቁበታል። አስተዋይ መምህር ሣቁን አያስረዝመውም፤ ልጁን ጫማውን እንዲመልስ ይልከዋል፥ እግሩንም እንዲታጠብ ያዘዋል፥ የረገጠውን መተላለፊያ በእርጥብ ጨርቅ ያስወለውላል፥ ነገሩም በዚያው ይቀራል። የመጸዳጃ ቤቱን ጫማ ከዞሪው በቀለም ለይቶ መግዛት ደግሞ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል። ቊጥሩም በአንድ ጊዜ ሊገቡ ከሚችሉት ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት የበለጠ ይሁን። ጫማው አንሶ ልጁ በባዶ እግሩ ቢገባ፥ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የዕቃ ቤቱ ሹም ነው። ጫማዎቹም በየሳምንቱ በሳሙና ታጥበው በፀሐይ ይደርቃሉ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዕቃው ነገር ነው። ከሁሉ የሚቀድም ውሃና ሳሙና ነው። መምህሩ «እጃችሁን ታጠቡ» እያለ ሳሙናው ካለቀ ሦስት ቀን ቢሆነው፥ ተማሪው የሚማረው መታጠብን ሳይሆን የመምህሩ ቃል ባዶ መሆኑን ነው። ሳሙናው ፈሳሽ ቢሆን መልካም ነው፤ ደረቅ ሳሙናም ቢሆን ውሃው በሚንጠፈጠፍበት ዕቃ ላይ ከተቀመጠ ይበቃል። እጅ በሳሙና የሚታሸው ከአንድ እስከ ሃያ በቀስታ እስኪቈጠር ድረስ ነው። ለሁሉ የተሰቀለ አንድ ፎጣ ግን ከዚያ ቤት ይውጣ፤ አንዱ ያጠበውን ሌላው መልሶ ያቈሽሽበታልና። ተማሪው ሁሉ የራሱን ትንሽ ፎጣ ይያዝ፥ ወይም የሚጣል ወረቀት ይቀመጥለት። የመጸዳጃ ወረቀት፥ የመጸዳጃውን ውስጥ ማጠቢያ ብሩሽ፥ ክዳን ያለው የቈሻሻ መጣያ፥ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያም አይጕደል።

የሴት ልጆች ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ኮዶካን የሴቶችን ክፍል በይፋ የከፈተው በ1926 ነው። ዛሬ በብዙ አገር ወንድና ሴት በአንድ አዳራሽ ጁዶ ይማራሉ፥ የጁዶ ልብስ ደግሞ በልማድ ነጭ ነው። ስለዚህ ለሴቶች የተለየ ክፍል፥ በውስጡም ክዳን ያለው መጣያና ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ንጹሕ የወር አበባ መቀበያ በግልጽ ስፍራ ይኑር። ልጅቱ ይህን ከወንድ መምህር እንድትለምን ማድረግ፥ ከትምህርቱ እንድትቀር መንገር ነው።

አሁንም ሌላ የተሰወረ ጉዳት አለ። መጸዳጃ ቤቱ የሚያስጸይፍ የሆነበት ልጅ አቤቱታ አያቀርብም፤ ዝም ብሎ ውሃ መጠጣቱን ይተዋል። ወደዚያ ቤት እንዳይገባ ከጥዋት ጀምሮ ራሱን በጥም ይጠብቃል። ወፍራም ልብስ ለብሶ በሞቀ አዳራሽ ሲታገል ላቡ ይፈሳል፥ የሚተካው ውሃ ግን የለም። ራሱን የሚያዞረው፥ የሚያቅለሸልሸው፥ አልፎም የሚወድቅ ልጅ በተገኘ ጊዜ መምህሩ ደካማ ነው ብሎ ይፈርድበት ይሆናል። ከመፍረዱ አስቀድሞ «ዛሬ ውሃ ጠጥተሃልን?» ብሎ ይጠይቀው፤ አልጠጣሁም ካለውም ሄዶ መጸዳጃ ቤቱን በዓይኑ ይመልከት።

ዕቃው እንዳያልቅ የሚያደርገው ብልጽግና ሳይሆን መዝገብ ነው። ስንት ሳሙናና ስንት ወረቀት እንደሚበቃ አስቀድሞ መገመት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያው ወር ያለቀው ሁሉ በየሳምንቱ ይጻፍ። ወሩ ሲፈጸም የአንድ ወር ፍጆታ ይታወቃል፤ ከዚያም ወዲያ የሁለት ወር ያህል በዕቃ ቤት ይቀመጥ። በግማሽ ሲጐድል ይገዛ እንጂ ባዶ እስኪሆን አይጠበቅ። ቍልፉ በአንድ ሰው ብቻ እጅ ቢሆን፥ ያ ሰው በታመመ ቀን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያለ ሳሙና ይውላል፤ ስለዚህ ምክትል ይኑረው።

በደዌ በኩል ደግሞ የጃፓን የጁዶ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ታሪክ አላቸው። ከ2001 ገደማ ጀምሮ ትሪኮፊቶን ቶንሱራንስ የሚባል ፈንገስ ያመጣው ጭርት በጁዶ ተማሪዎች መካከል ተዛመተ። ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት፥ ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር የምንለው ዓይነት ነው። ክፋቱ አንዳንዱ ሰው በራስ ጠጕሩ ውስጥ ተሸክሞት ሳለ ምንም ምልክት ሳይታይበት ለባልንጀራው ማስተላለፉ ነው። በዚህ ነገር መጸዳጃ ቤቱን ብቻ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ዋነኛው መተላለፊያ ገላ ለገላ መነካካት ነውና፥ ከገላ የረገፈ ጠጕርና ቅርፊትም በምንጣፉ ላይ ይቀራል። ሆኖም መታጠቢያ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪው ከትግሉ በኋላ ፊቱን፥ አንገቱን፥ ክንዱንና እግሩን ወዲያው እንዲታጠብ ሊያዘው አይችልም። ጭርት የታየበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፥ ሐኪሙ እስኪፈቅድለትም ከመታገል ይረፍ። በራስ ላይ የወጣው በቅባት ብቻ ስለማይድን የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የጽዳቱ ሥራ በየቀኑ ነው፤ ሥርዓቱም ከንጹሑ ወደ ቈሻሻው፥ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የበሩ እጀታ፥ መቀርቀሪያውና የቧንቧው መክፈቻ፥ ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያው፥ ከዚያ መቀመጫው፥ በመጨረሻም ወለሉ ይታጠባል። መጸዳጃውን ያጠበ ጨርቅ የእጅ መታጠቢያውን አይንካ፤ ምንጣፉን የሚወለውለውም መወልወያ ወደ መጸዳጃ ቤት ከቶ አይግባ። ለየስፍራው የተለየ ቀለም ያለው ጨርቅና ባልዲ መመደብ የተሻለ ዘዴ ነው።

ስለ በረኪና የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። በረኪና ቈሻሻን አያጥብም፤ የታጠበውን ነገር ከተሕዋስያን ያነጻዋል እንጂ። ዕድፍ ባለበት ቢፈስ ኃይሉ በዕድፉ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በሳሙናና በውሃ ከታጠበ በኋላ ይቀባል፥ አሥር ደቂቃ ያህልም እርጥቡን ይቈያል። ጥንካሬው ከመቶ 5 የሆነ በረኪና ለየቀኑ ሥራ አንድ እጁ በ49 እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ትውከት፥ ተቅማጥ ወይም ደም የነካውን ስፍራ ለማንጻት ግን አንድ እጁ በ9 እጅ ውሃ ይሆናል። የተበረዘው ለዚያው ቀን ብቻ ነው። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያደክመው ያልተበረዘውም በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ፥ ልጅ በማይደርስበት ይቀመጣል። ከአሲድ ጋር ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጢስ ሳንባን ይጐዳል፥ ሰውም ይገድላል። በጃፓን በእነዚህ ጠርሙሶች ላይ «መቀላቀል አደገኛ ነው» የሚል ቃል በትልቅ ፊደል ታትሞ ይታያል። የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያጥልቅ፥ መስኮቱንም ይክፈት።

ማን ያጽዳ? በዚህ ነገር ክርክር አለ። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ የመጣው ለትምህርት ነው፥ ለዚህ ሥራ ሎሌ ይቀጠር» ይላል። በጃፓን ግን ተማሪዎች የክፍላቸውን ወለል ራሳቸው ይጠርጋሉ፥ በብዙ ትምህርት ቤትም መጸዳጃ ቤቱን በተራ ያጸዳሉ። ሶጂ የሚባለው ይህ የጽዳት ሥራ በዶጆም ከትምህርቱ የተለየ አይደለም፤ የቆዩት ተማሪዎች ከአዲሶቹ ጋር አብረው ይወለውላሉ። ወላጁ በአንድ በኩል እውነት አለው፤ በረኪናና የፈሰሰ ደም የልጅ ሥራ አይደሉም፥ ለትልቅ ሰው ይተዋሉ። በቀረው ግን ተሳስቷል። ይልቅስ የሚከፋው መጸዳጃ ቤት ማጽዳትን ቅጣት ማድረግ ነው። ላጠፋ ልጅ የሚሰጥ ሥራ ከሆነ፥ ሳያጠፋ የሚሠራው ሁሉ እንደ ጥፋተኛ ይታያል፥ ሥራውም እየተጠላ ይሄዳል። መምህሩም በተራው ቀን መወልወያውን ቢይዝ የወላጁ ክርክር ያለ ንግግር ያልቃል።

ቧንቧ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትም ነገሩ ያው ነው፤ ዕቃው ብቻ ይለወጣል። በቧንቧ ፈንታ ከበታቹ ቀዳዳ ወጥቶለት በእንጨት የሚወተፍ ጀሪካን ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሳሙናው እንዳይጠፋ በመረብ ተቋጥሮ በገመድ ይንጠለጠላል። ሳሙና ፈጽሞ በታጣ ቀን ንጹሕ ዐመድ ይተካዋል፥ ሳሙና ሳለ ግን ዐመድን መምረጥ አይገባም። ጕድጓዱ ዝንብ እንዳይገባበት ክዳን ይኑረው። በሜዳ ላይ ትግል የሚማሩ ልጆች ካሉም ከመጫወታቸው በፊትና በኋላ በዚያው ውሃ እጅና እግራቸውን ይታጠባሉ። ጀሪካኑን የሚሞሉት የሁለት ልጆችና የአንድ መምህር ስም በየሳምንቱ በበሩ ላይ ይጻፋል፤ ውሃውም የጥዋቱ ደወል ከመደወሉ አስቀድሞ ሞልቶ ይገኛል።