የውሻ ብስኩትና የሽምብራችን ዋጋ፦ ወሬውና ሒሳቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ አለ። «አሜሪካኖች ለውሻቸው ብስኩት እቤት ይጋግራሉ፣ የሚጋግሩት ደግሞ በሽምብራ ዱቄት ነው አሉ። ሽምብራ ሊወደድ ነው? ይዘን እንቆይ?» የሚል ነው። መጋዘን ሙሉ ምርት ይዞ ወሬ የሚጠብቅ ሰው የባንክ ወለድ እየቆጠረበት ስለሆነ ነገሩን በሒሳብ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

📌 ጓዳው ውስጥ ምን አለ?

የሚጋግሩት ሰዎች የሚይዟቸው ደረቅ ነገሮች ብዙ አይደሉም። የሽምብራ ወይም የአጃ ዱቄት፣ የተፈጨ ተልባ፣ አንዳንዴ የኮኮናት ዱቄት። እሱን በኦቾሎኒ ቅቤ፣ በእንቁላልና በተቀቀለ ዱባ አቡክተው፣ ዳምጠው፣ ቆርጠው መጋገር ነው። ሽምብራን የመረጡት ስንዴ ለማይስማማው ውሻ ስለሚሆንና ፕሮቲኑ ጥሩ ስለሆነ ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ እኛ በደንብ የምናመርታቸው ሦስቱ ናቸው፦ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒና ተልባ።

📌 መጠኑስ?

አንድ ትሪ ብስኩት ሩብ ኪሎ ገደማ ዱቄት ቢወስድ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 24 ቶን ሽምብራ ቢጭን፣ ቅርፊቱ ሳይቀነስ 96 ሺህ ትሪ ይጋገርበታል። አንዱ ኮንቴይነር ብቻ! ስለዚህ የቤት ጋጋሪው ብቻውን የዓለም ሽምብራ ዋጋ አያነሳም። ደግሞም የሚገዛው ለሰው ምግብ የተዘጋጀውን ዱቄት ከሱፐርማርኬት ነው። «የውሻ ሽምብራ» የሚባል የተለየ ደረጃ እዚያ የለም።

📌 ፋብሪካዎቹ ግን ይገዙ የለ?

ይገዛሉ፣ በብዛት። «እህል አልባ» የሚባለው የውሻ ምግብ ሲስፋፋ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ገብተውበታል። እዚያ ግን ዋናዋ ተፎካካሪ ከትልልቆቹ የአተርና የምስር ላኪዎች አንዷ የሆነችው ካናዳ ናት። ፋብሪካ ደግሞ ርካሽ ነው የሚፈልገው።

ሌላም ነገር አለ። በሐምሌ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ ዓይነቱ ምግብ ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ግንኙነት ይኖረው እንደሆነ እያጣራ መሆኑን አስታወቀ። በ2019 ባወጣው መረጃ፣ ሪፖርት ከተደረገባቸው ምርቶች 93 በመቶው አተር ወይም ምስር ወይም ሁለቱም ነበረባቸው። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ መንስኤና ውጤቱን ለማረጋገጥ ያለው መረጃ በቂ አይደለም አለ። ማለትም አልተረጋገጠም፣ ግን ገዢውን አስደንግጧል። በፋሽን የመጣ ፍላጎት በአንድ መግለጫ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

📌 ታዲያ ሽምብራን የሚያንቀሳቅሰው ማነው?

ሕንድ ናት። በዓለም ትልቋ አምራችም በላተኛም እሷ ነች። በመጋቢት 2018 በሽምብራ ላይ የገቢ ቀረጡን 60 በመቶ አደረሰች። በግንቦት 2024 ደግሞ ዴሲውን ከቀረጥ ነፃ አስገባች። ዋጋ መከታተል የፈለገ የደልሂን ውሳኔ ይከታተል እንጂ የውሻ ብስኩት ቪዲዮ አይከታተል።

📌 ለእኛ የሚጠቅመው የቱ ጋ ነው?

ከወሬው ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፦ የዱቄት ገበያ። ተቀቅሎ ለሚበላና በቆርቆሮ ለሚታሸግ ሽምብራ የፍሬው ትልቅነት ዋጋ አለው። አሬርቲንና ሀብሩን የመሰሉ የካቡሊ ዝርያዎችን የምታመርቱ ይህን ታውቃላችሁ፤ ከወንፊት በታች የወረደው ደቃቅ በቅናሽ ይሸጣል። ለሚፈጭ ሰው ግን የፍሬው መጠን ብዙም ጉዳዩ አይደለም። እሱ የሚጠይቀው ንጽሕና ነው። ስለዚህ፦

🔹 ደቃቁንና ክኩን ከጥራጊ ጋር አትቀላቅሉት። ለብቻው አበጥራችሁ፣ ጠጠሩን አውጥታችሁ ለዱቄት አቅርቡት።

🔹 ነቀዝ ዋናው ጠላት ነው። በደንብ ይድረቅ፣ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይቀመጥ። ያለ ባለሙያ በፀረ ተባይ ታሽቶ የተላከ ጭነት ወደብ ላይ በቅሪት ሊጣል ይችላል።

🔹 ኦቾሎኒ ላይ አፍላቶክሲን አለ። የአሜሪካ ገደብ ለሰውም ለውሻም ምግብ በቢሊዮን 20 ነው። አውሮፓ ለቀጥታ ለሰው ምግብ 4 ላይ ያቆመዋል። «ለውሻ ነው፣ ያልፋል» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አፍላቶክሲን ያለበት የውሻ ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ በርካታ ውሾች መሞታቸው ተዘግቧል።

🔹 ተልባን በፍሬው ሽጡት። ከተፈጨ ቶሎ ይበላሻል።

🔹 ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ «ለሰው ምግብ ነው ወይስ ለመኖ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋውም፣ ሰነዱም፣ የላቦራቶሪ ምርመራውም በዚያ ይለያያል። መልሱ ውል ላይ ይጻፍ።

ሲጠቃለል፦ በውሻ ብስኩት ወሬ ሽምብራ ይዞ መቆየት አያዋጣም። በቅናሽ የምትሸጡትን ደቃቅ አጽድቶ ለዱቄት ማቅረብ ግን ሊያዋጣ ይችላል። ጭማሪው የጽዳቱን ወጪ መሸፈኑን በትንሽ ናሙና ሞክራችሁ እዩት።

የሞከራችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት። መልካም ገበያ!