አባቴ ሞተሩን ሳያስነሡ ከግቢ የሚያወጡት ለምን ነበር?

ያለፈው ዓመት ጸደይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። ሽቱትጋርት አጠገብ ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ካለው መኪና ማቆሚያ ሞተሬን አስነሥቼ ወደ መንገዱ መውረድ ጀመርኩ። ቁልቁለት ነው። ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን መጨረሻው ላይ የብስክሌት መንገድ ያቋርጠዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ አውቶቡስ የሚመላለስበት አስፋልት አለ። ባለቤቴ ሄልሜቷን አጥልቃ ታች ቆማ ትጠብቀኛለች። ከኋላዬ ተቀምጣ ወደ ቦደንዜ ሐይቅ ልንሄድ ነው። የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። እጀታው ምንም ሳይከብደኝ መጥቶ ከመሪው ጋር ተጋጠመ። የያዘ ነገር የለም።

ቀኝ እግሬ የኋላውን ፍሬን እንዴት እንደረገጠ አላውቅም። ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ወደ ጎን ዞረብኝ፤ እንደምንም ከብስክሌቱ መንገድ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩ። ባለቤቴ ጉራ መስሏት «ለማን ልታሳይ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የፊት ፍሬኑን ሸራ ማታውን የቀየርኩት እኔው ነኝ። ቪዲዮ አይቼ፣ መመሪያ አንብቤ፣ በገዛ እጄ። ሥራው ሲያልቅ የተበላውን ሸራና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጌ ፎቶ አንሥቼ ለጓደኞቼ ልኬ ነበር። «ኢንጂነሩ!» ብለው መልሰውልኛል።

እስቲ ከመነሻው ልጀምር። ጀርመን የመጣሁት ለማስተርስ ነው፤ እዚሁ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እጄ የሚነካው ነገር ቢኖር ኪቦርድ ነው። ሞተሩን የገዛሁት የዛሬ አራት ዓመት ሲሆን የ2001 ሥሪት ሆንዳ ሲቢ 500 ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራቶር፣ እዚህ አገር የመንጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ተማሪ ያሠለጠኑበት ዓይነት። ታርጋው ላይ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የሚል ቁጥር አለው፤ ኢንሹራንስና ግብር የምከፍለው ለእነዚያ ወራት ብቻ ነው፤ ክረምቱን ቆሞ ይከርማል።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ዶቅዶቄ! ማስተርስህን ይዘህ ዶቅዶቄ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቼ ደግሞ ሞተር ማለት ስልክ መንትፎ መሰወሪያ ነው። አልፈርድባቸውም፤ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ሞተሮችን ከመንገድ ሲያግድ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዝርፊያ ነበር። እዚህ ያሉት አበሾች የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፦ «መኪና ከብዶህ ነው?» ራሴ እንደምጠግነው ሲሰሙማ ነገሩ ይብሳል። ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ደመወዝ እያገኘ ቅዳሜውን በዘይት እጁን የሚያጠቁር ሰው አንድ የጎደለው ነገር አለ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር መጠገን የጀመርኩት ፍልስፍና ይዞኝ አይደለም። ገንዘብ ነው። በ1,400 ዩሮ ለተገዛ ሞተር አንድ ጋራዥ ለመደበኛ ሰርቪስ ብቻ 380 ዩሮ ጠየቀኝ። ያን ቀን የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ አዘዝኩ። ዘይት መቀየር በኪራይ ውላችን ላይ በግልጽ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ቦታና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ጋራዥ እሄዳለሁ፤ «ሚትቬርክሽታት» ይሉታል። የተቃጠለውን ዘይት የትም መድፋት አይቻልም፤ ነገር ግን ሕጉ አዲሱን ዘይት የሸጠልህ ሱቅ ያንኑ ያህል አሮጌ ዘይት በነፃ እንዲቀበልህ ያስገድደዋል፤ ደረሰኝህን አትጣል እንጂ። ጎማ ማስገባትና ማመጣጠን ግን ለባለሙያ እተዋለሁ። አንዴ ሞክሬ ቸርኬውን ጭሬዋለሁ።

መጀመሪያ የገረመኝ ቋንቋው ነው። በሥራዬ የማስበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሱቅ ሰው ጋር የማወራው በጀርመንኛ። ሞተሩ ሥር ስንበረከክ ግን አፌ ላይ የሚመጣው ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን ነው። እነዚህን ቃላት የት እንደሰማኋቸው እንኳ ረስቼ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ አለ፤ አንድ ቀን «ፍሪሲዮን» ስል ሰምቶ ዞር አለና «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። «ቢቸና ነው የተማርኩት» ብለው ምን ይገባዋል?

ቢቸና አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸው ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። ያቺን ሞተር ያላየ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ግብርና፣ ጤና ጥበቃ፣ ዕርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም ጋ ነበረች። ለእርሻ ቦታ የተሠራች ስለሆነች ካቴናዋ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፤ ጭቃ አይነካውም። ለዚህ ይመስለኛል አባቴ ካቴና ሲያጸዱ አይቼ የማላውቀው። የእኔ ሆንዳ ካቴና ግን ራቁቱን ነው። ዝናብ ባየ ቁጥር መጠረግና መቀባት ይፈልጋል፤ ሲላላም መወጠር።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ካቴና የላላ መስሎኝ ጥርቅም አድርጌ ወጠርኩት፤ የተወጠረ ነገር ደኅና ይመስላል። ለካ ሰው ሲቀመጥበት የኋላው ሞሌ ሲወርድ ካቴናው የበለጠ ይወጠራል፤ መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታውን ይበላል። ለዚህ ነው አብዛኛው የመንገድ ሞተር መሐሉ ላይ ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ የሚል ካቴና የሚፈልገው። የኋላ ጎማዬ ኩሽኔታ መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው ይህን የተማርኩት። እሺ፣ ኩሽኔታ በ20 ዩሮ ይገዛል። ፍሬን ግን ሌላ ነው።

ያን ማታ የሆነው ይህ ነው። የፍሬን ሸራ በተበላ ቁጥር ከኋላው የሚገፉት ፒስተኖች ትንሽ በትንሽ ወደ ዲስኩ እየተጠጉ ይመጣሉ። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ቦታው እንዲገባ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። መለስኳቸው። የፍሬን ዘይቱ ከማጠራቀሚያው እንዳይፈስ እያየሁ፣ ምክንያቱም ቀለም ይበላል። ሸራውን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን መጽሐፉ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅኩ። ሁሉም ልክ ነው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጀታውን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ መጨበጥ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለሄዱ በሸራውና በዲስኩ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል። አንድ ጊዜ ሲጨበጥ ፖምፓው የሚልከው ዘይት ያን ክፍተት እንኳ አይሞላም። ደጋግመህ ስትጨብጥ ሸራው ዲስኩን ያገኘዋል፤ እጀታው ይጠነክራል። ሥራው አሥር ሰከንድ አይፈጅም። መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁም። ባለቤቴ በመስኮት «እራት ቀርቧል» ስትለኝ መሣሪያዬን ሰብስቤ ገባሁ።

በሥራ ቦታዬ አንድ መስመር ኮድ እንኳ ሌላ ሰው ሳያየው፣ ሳይፈተን ወደ ተጠቃሚ አይሄድም። ከዓሥር ዓመት በላይ የሠራ ሰውም ቢሆን። ይህን ደንብ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች የማስረዳው እኔ ነኝ። እዚያ የሚበላሸው ነገር ቢበዛ አንድ ገጽ ነው፤ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል። እዚህ ግን ሚስቴን ከኋላዬ የማስቀምጥበትን ነገር ብቻዬን፣ በጨለማ፣ በስልክ መብራት ሠርቼ ሳልፈትነው ተኛሁ። ፎቶ ለማንሣት ግን ጊዜ ነበረኝ።

ማታ ላይ ለአባቴ ደወልኩላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ለእናቴ እንዳይነግሩ ቃል አስገብቼ ሁሉንም አጫወትኳቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ከማቆሚያው እየገፋህ አላወጣኸውም?» አሉኝ።

«አይ፣ እዚያው ነው ያስነሣሁት።»

«እየገፋህ ካልያዘ ተቀምጠህም አይዝም።»

ይህን ሲሉኝ የቢቸናው ግቢያችን ፊቴ ላይ መጣ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ያቺን ያማሃ ከቤት ውስጥ አስነሥተው ወጥተው አያውቁም። እየገፉ ነበር የሚያወጧት። ሁለት እርምጃ ይገፉና የፊቱን ይይዛሉ፤ ሞተሯ አፍንጫዋን ደፋ ታደርጋለች። ሁለት እርምጃ ይገፉና የኋላውን በእግራቸው ይረግጣሉ። የአጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ጎማውን በጫማቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ውጭ ወጥተው ነው በእግር መትተው የሚያስነሡት። እኛ ልጆቹ የምናውቀው ምክንያት እናቴ የነገረችንን ነው፦ «እናንተን ላለመቀስቀስ ብለው ነው።» ዕድሜ ልኬን ይህን እያመንኩ፣ እንዲያውም ትንሽ እየኮራሁበት ነው ያደግኩት።

ስጠይቃቸው ሳቁ። «እሱም አለበት» አሉ። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። እኔ ሳልወለድ ወደ አባይ በረሃ በሚወርድ ጥርጊያ መንገድ የከብት ሕክምና ባልደረባቸውን ከኋላ ጭነው ሲወርዱ የፊት ፍሬኑ ገመድ ተበጠሰ። የኋላው ብቻውን አልቻለም። ባልደረባቸው ዘሎ ወረደ፣ እሳቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ሰውየው አጥንቱ ተሰብሮ በበቅሎ ነው ከዚያ የወጣው። «ገመዱ ከሳምንት በፊት መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ አየዋለሁ፣ ነገ እቀይረዋለሁ እላለሁ» አሉኝ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገሯትም። እንግዲህ አሁን ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ምስጢር ይዘናል።

ለባለቤቴ ግን የሆነውን በዚያው ቀን ነግሬያታለሁ፤ ጉራ አለመሆኑን ለማስረዳት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ነርስ ናት። አልጮኸችም፤ ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። «እኛ ክፍል ኢንሱሊን ሁለት ሰው ሳያየው አይወጋም» አለች። «እኔ ለማላውቀው በሽተኛ ይህን ካደረግኩ አንተ ለእኔ ምን ታደርጋለህ?» ከዚያም ሞተሩ ላይ አልወጣም አለች፤ ለሁለት ወር አልወጣችም። ትክክል ነበረች።

አሁን ስምምነት አለን። የሠራሁትን ሁሉ በወረቀት እጽፋለሁ፤ የትኛውን ብሎን እንደነካሁ ጭምር። ከዚያ መጥታ አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች። ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ማወቅ አያስፈልጋትምም። «ይህ ብሎን መጥበቁን አሳየኝ» ብትል በቂ ነው። የፊት ጎማውን አክስል ብሎን አጥብቄ ጎኑ ያለውን ትንሿን ማሰሪያ እንደረሳሁ ያገኘችው እሷ ናት። ወረቀቱ ላይ «አጠበቅኩ» ብዬ ጽፌ ነበር። እያሰብኩት ስለነበር ያደረግኩት መስሎኛል።

ጽሑፌን አንብባችሁ ሞተር ለመግዛት ወይም ያላችሁን ራሳችሁ ለመጠገን የምታስቡ ትኖራላችሁ። አድርጉት፤ እኔ አልተውኩም። ፍሬን አትንኩ የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ እኔ አልልም፤ ጋራዥም ሰው ነው የሚሠራው፣ ሰውም ይረሳል። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የቲዩፍ ምርመራም የሚያየው ሞተሩ ያን ዕለት ያለበትን ነው። በማታ ብቻችሁን ሠርታችሁ ጠዋት ሰው ጭናችሁ አትውጡ ነው የምለው። በዚያ ላይ የፍሬን ዘይቱ፣ ዶት 4 የሚባለው፣ ከአየር ውኃ እየሳበ ስለሚያረጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቀይሩት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ጋ ደርሰን መጣን፤ ከዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስንነሣ ሞተሩን እየገፋሁ ከማቆሚያው አወጣሁት። ሁለት እርምጃ፣ የፊቱ። ሁለት እርምጃ፣ የኋላው። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ጀርመናዊ ጎረቤታችን እንደ ሁልጊዜው ከበረንዳቸው ሆነው አዩኝና «ዛሬም አልነሣ አለህ?» አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ ሞተር ዘወትር የሚበላሽ እየመሰላቸው ነው። ባለቤቴ ልትመልስላቸው ስትል እሳቸው ቀድመው ጫማቸውን እያደረጉ ነበር፤ መግፋቱን ሊያግዙኝ።