ፊርማው መጨረሻ ይታይ

ተራኪ፦

በ1930ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዶን ዘ ቢችኮምበር የተባለው መጠጥ ቤት ሆሊውድ ውስጥ ሲከፈት የፖሊኔዥያ ደሴቶችን የሚያስመስል ጌጥ የአሜሪካውያንን ልብ ማረከ። ቀርከሃው፣ የእንጨት ቅርጹ፣ በጥቁር ከፋይ ላይ የተሣሉት የደሴት ሴቶች በየመጠጥ ቤቱና በየሳሎኑ ተሰቀሉ። የቲኪ ሥዕል የምንለው ይህን የከፋይ ሥዕል ነው፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች በጨረታ ይፈላለጉታል። ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ፊርማውን ነው። መታየት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የኤድጋር ሊቴግ ሥራ በቂ ማስረጃ ነው። በ1904 አሜሪካ ተወልዶ በ1933 ታሂቲ የገባው ይህ ሠዓሊ በከፋይ ሥዕሎቹ ዝና አተረፈ፤ በ1953 በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ስሙ ሲገን ሥራውን የሚኮርጁ በዙ። ፊርማ ጥቂት የብሩሽ ጭረት ስለሆነ ለመኮረጅ ቀላል ነው፤ አሣሣሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ጎበዝ የከፋይ ሠዓሊ ጥላን አይቀባም። ጥቁሩን ጨርቅ ለጥላ ይተውና ብርሃን ያረፈበትን ገላ ብቻ በስሱ እየደራረበ ያወጣል። ቀለም ያበዛ እንደሆነ የከፋዩ ጠጉር ተጣብቆ ይደርቃል። ስለዚህ ገዢው ሥዕሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይመርምር፤ የተጨፈለቀ ጠጉርና የገባ አቧራ ካለ ዋጋውን ያስቀንስ፤ ከፋይ እንደ ሌላ ጨርቅ ታጥቦ አይመለስምና። ከዚያም ጀርባውን ገልብጦ የጨርቁን ዕድሜ፣ የፍሬሙን እንጨትና ሥዕሉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልግ።

«ሊቴግ ራሱ አንዱን ሥዕል ደጋግሞ ሠርቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሂና ራፓ የተሰኘችውን ሴት በተደጋጋሚ ሥሏታል። ይህ ግን ሐሳቡን ያጠናክረዋል፤ ምስሉ ዝነኛ መሆኑ ብቻ ስለማይበቃ እያንዳንዱ ቅጂ በአሠራሩ ይመዘናል። «ደስ ያለኝን እገዛለሁ» የሚለውም መብቱ ነው፤ ለደስታ የሚከፈለውን ዋጋ ለስም ከሚከፈለው እስካልቀላቀለ ድረስ።

ሻጩ ሥዕሉን የፖሊኔዥያውያን ጥበብ ብሎ ካቀረበም ገዢው ይጠይቀው። በማርኬሳስ ደሴቶች ቲኪ የተቀደሱ አባቶችን የሚወክል የድንጋይና የእንጨት ቅርጽ ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ቲኪ ደግሞ አሜሪካውያን ስለ ደሴቶቹ ያለሙት ሕልም። ሁለቱን የለየ ሰብሳቢ የሚገዛው ማን እንደሠራውና የማን ታሪክ እንደሆነ ያወቀውን ነገር ነው፤ ሥዕሉንም ለልጆቹ ሲያወርስ እውነቱን አብሮ ያወርሳል።