በምጥ ወቅት ከእናቲቱ አጠገብ ማን ይሁን?

በአገራችን ልማድ ምጥ ለብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሴት በቤቷ ስትወልድ እናቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቶቿና የልምድ አዋላጇ ይከቧታል፤ አንዷ ወገቧን ትደግፋለች፣ አንዷ ውሃ ታቀርባለች፣ ሌላዋ እንደ እምነቷ ትጸልያለች። በብዙ አካባቢዎች የበኩር ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት የምትሄደውም በአብዛኛው ለዚሁ ነው። ይህችው ሴት ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ግን አጃቢዎቿ ከማዋለጃው ክፍል በር ላይ እንዲቀሩ ሲደረግ ይታያል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የተከናወኑ ወሊዶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ነበሩ። ለውጡ ትልቅ ነው። ሆኖም እናቲቱ ደኅንነትን ለማግኘት ብላ ወገኖቿን በር ላይ እንድትተው የሚያስገድዳት ሕክምናዊ ምክንያት የለም።

በምጥ ወቅት አብሮ የሚሆን ሰው ጥቅም ከስሜት ያለፈ ነው። ፍርሃትና ጭንቀት ሲበረታ አድሬናሊንና መሰል ሆርሞኖች በደም ውስጥ ይጨምራሉ፤ እነዚህም የማህፀንን መኮማተር ሊያዳክሙ፣ ወደ ማህፀን የሚሄደውንም ደም ሊቀንሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመና በጓቴማላ የተካሄደ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ደጋፊ የነበራቸው እናቶች ሆስፒታል ከገቡ እስኪወልዱ በአማካይ 8.8 ሰዓት ሲወስድባቸው፣ ደጋፊ ያልነበራቸው 19.3 ሰዓት እንደወሰደባቸው አሳይቷል። የሚገርመው ደጋፊዎቹ እናቶቹ ከዚያ በፊት የማያውቋቸው፣ የሕክምና ሙያ የሌላቸው ሴቶች መሆናቸው ነው። ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የታደሰው የኮክሬን ግምገማ በ17 አገሮች የተካሄዱ 26 ጥናቶችንና ከ15,000 በላይ ሴቶችን አካትቷል። ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት ሴቶች ያለ መሣሪያና ያለ ቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ምጣቸው አጠር ያለ፣ የሕመም ማስታገሻ የመውሰድ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። አዘጋጆቹ የማስረጃውን ጥንካሬ ዝቅተኛ ብለው ቢመድቡትም፣ ድጋፉ ያስከተለው ጉዳት ግን አልተገኘም። ዋጋው ይህን ያህል አነስተኛ የሆነ፣ ጉዳትም ያልታየበት እርዳታ በሙያችን ብዙ አናገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ማንኛዋም ሴት በምጥና በወሊድ ጊዜ ሁሉ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። በዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ ክብደት ያለው ቃል «የመረጠችው» የሚለው ነው። ደጋፊ እናስገባለን በሚሉ ተቋማት እንኳ የሚገባው ብዙ ጊዜ አብሮ የመጣው ሰው ነው። ሌሊት ላይ መኪና ያገኘው አጎት፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ድምፅዋ የሚሰማው አማት፣ ወይም በር ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ይገባል። ምጥ ላይ ያለች ሴት በእነዚህ ሰዎች ፊት «አንቺ ውጪልኝ» ለማለት አቅምም ድፍረትም አይኖራትም።

ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው በማዋለጃ ክፍል በር ላይ ሳይሆን በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ሊሆን ይገባል። ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። «ምጥ ሲጀምርዎ ከአጠገብዎ ማን እንዲሆን ይፈልጋሉ?» እና «ማን እንዳይገባ ይፈልጋሉ?» ሁለተኛው ጥያቄ በአብዛኛው ይዘነጋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ይገልጣል። ሁለቱም መጠየቅ ያለባቸው እናቲቱ ብቻዋን በሆነችበት ሰዓት ነው። ባል ወይም አማት አጠገቧ ተቀምጠው የሚሰጥ መልስ የእርሷ መልስ ላይሆን ይችላል። በቤቷ የምትደበደብ ሴት ይህን በግልጽ ባትናገር እንኳ፣ ማን እንዳይገባ እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ፍንጭ ልትሰጥ ትችላለች።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የምስጢር ጉዳይ ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለባትና ለቤተሰቧ ያልነገረች እናት ስትወልድ፣ ለሕፃኑ የሚሰጠው የመከላከያ ሽሮፕ፣ በካርዷ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ በሥራ ቅብብል ጊዜ የሚነገረው ቃል ሁሉ ደጋፊዋ ጆሮ ይገባል። መፍትሔው ደጋፊ መከልከል አይደለም። የምትመርጠው ሰው ስለ ጤንነቷ ምን እንደሚያውቅ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የማያውቅ ከሆነም መድኃኒቱ መቼና የት እንደሚሰጥ ከእርሷ ጋር መስማማት፣ የሥራ ቅብብሉንም ከአልጋው ርቆ ማድረግ ይቻላል።

እንግዲህ ማን ይመረጥ? የሚመርጠው ባለሙያው አይደለም፤ ምክር ከተጠየቀ ግን የሚለው ሊኖረው ይገባል። ደጋፊው የማይደናገጥ፣ ምስጢር የሚጠብቅና ረጅም ሰዓት ለመቆየት የሚችል ይሁን፤ የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ከ12 ሰዓት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ተተኪ ሰው ማሰብም ይጠቅማል። እናት የምትወደድ ብትሆንም የልጇን ጣር ማየት የማትችል ልትሆን ትችላለች። ራሷ የወለደች እህት ወይም ጎረቤት አንዳንዴ ትሻላለች። ባል ውጭ መጠበቁ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሚስቱ ከፈለገችውና እርሱም ፈቃደኛ ከሆነ የሚከለክለው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ እናቶች መተኛታቸው ነው። ይህም በመጋረጃ የሚቃለል ችግር ነው። የልምድ አዋላጅ በደጋፊነት ብትመጣ ደግሞ ጥቅሙ ሁለት ነው። እናቲቱ የምታምናት ሰው ታገኛለች፤ አዋላጇም ከእኛ ጋር እንጂ ከእኛ ተቃራኒ አትቆምም።

ከገጠር ለቤት ሠራተኝነት መጥታ ዘመድ የሌላት፣ ወይም ከቀዬዋ የተፈናቀለች ሴት «የምጠራው ሰው የለኝም» ልትል ትችላለች። የጓቴማላው ጥናት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ ሰውም ይጠቅማል። ለልምምድ የመጣች የአዋላጅ ነርስ ተማሪ ለአንድ እናት ብቻ ተመድባ ከአጠገቧ ብትቀመጥ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ደጋፊው ከገባ በኋላ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ማብራሪያ ይፈልጋል። ወገብ ማሸት፣ አብሮ መራመድ፣ ውሃ ወይም ሻይ ማቅረብ፣ ላብ መጥረግና ማበረታታት የእርሱ ሥራ ነው። ሆድ መጫን፣ ሆድን በቅቤ ማሸት፣ የባህል መድኃኒት ማጠጣት፣ የማህፀን በር ሳይከፈት «ግፊ» ማለት ግን አይፈቀድም። ደም ሲፈስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ ሲኖር፣ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ባለሙያ እንዲጠራም ይነገረው። የሚቀመጥበት ወንበር ከአልጋው ራስጌ ቢደረግ ለእርሱም ለእኛም ይመቻል። በአንጻሩ ደጋፊ አለ ተብሎ የልብ ትርታና የደም ግፊት ልኬታው እንዳይዘለል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ደጋፊ የባለሙያ ምትክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ ደጋፊን የሚመለከት ቦታ ከሕመም ማስታገሻና ከሚጠጣ ፈሳሽ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጧል። የሚሞላውም «አለ»፣ «የለም» ወይም «እናቲቱ አልፈለገችም» ተብሎ ነው። «የለም» የሚለው መልስ እንደማንኛውም የማንቂያ ምልክት የሚከበብና እርምጃ የሚወሰድበት ነው። ሁለቱ የመጨረሻ መልሶች እንዳይምታቱ፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው እናቲቱን ራሷን ሳይጠይቅ «አልፈለገችም» ብሎ መጻፍ የለበትም።