ከበረዶ በታች ያለ የኒውትሪኖ መመልከቻ በኤል.ኢ.ዲ. ብርሃን እንዴት እንደሚፈተን

ማናቸውም መለኪያ ከመታመኑ በፊት መፈተን አለበት። የነጋዴ ሚዛን ልክ መሆኑ የሚታወቀው ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ በላዩ ሲደረግ ነው። ይህ ነገር በገበያ ቀላል ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ፥ ማንም ሰው ዳግመኛ ሊነካው በማይችልበት ስፍራ የሚገኝ እንደ ሆነ፥ በምን ይፈተናል? በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ ያሰብነው በደቡብ ዋልታ የሚገኘው አይስኪዩብ የተባለው የኒውትሪኖ መመልከቻ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኒውትሪኖ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው፥ ክብደቱም እጅግ ጥቂት የሆነ ቅንጣት ነው። መኖሩን ፓውሊ የተባለው ሊቅ በ1930 በሐሳብ ገመተ፤ ራይነስና ካወን ደግሞ በ1956 በሙከራ አረጋገጡ። ከሌላ ነገር ጋር የሚጋጨው ከስንት አንዴ ስለ ሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ ምድርን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ ጠባዩ ጥቅምም ችግርም አለው። ጥቅሙ፥ ብርሃን ሊወጣበት ከማይችል የሰማይ ስፍራ ሳይቀር መንገዱን ሳይለቅ በቀጥታ ወደ እኛ መምጣቱ ነው። ችግሩ ግን እርሱን ለማግኘት እጅግ ሰፊና ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ማስፈለጉ ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የአንታርክቲካን በረዶ መረጡ። በ2010 መጨረሻ በተፈጸመው በዚህ ሥራ፥ በሙቅ ውሃ በተቈፈሩ ጕድጓዶች 86 ገመዶች ወርደው፥ ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ባለው ጥልቀት 5,160 የብርሃን መቀበያዎች ተሰቅለውባቸዋል። የሚጠብቁት በረዶ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኒውትሪኖ ከበረዶው አቶም ጋር ሲጋጭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ይወጣሉ። እነዚህም ብርሃን በበረዶ ውስጥ ከሚሄደው ይልቅ ፈጥነው ሲሄዱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይኸውም በአግኚው ስም የቼሬንኮቭ ብርሃን ይባላል። እያንዳንዱ መቀበያ ብርሃኑ የደረሰበትን ጊዜና መጠኑን ይመዘግባል። ከጊዜው ልዩነት ኒውትሪኖው የመጣበት አቅጣጫ፥ ከብርሃኑ ብዛት ደግሞ ጕልበቱ ይሰላል።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በረዶው ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን፥ በውስጡ ያለው ደቃቅ አቧራ ብርሃኑን በሁለት መንገድ ያውከዋል። አንደኛው መበተን ነው፤ የተበተነው ፎቶን መንገዱን ለውጦ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው መዋጥ ነው፤ የተዋጠው ፎቶን ጨርሶ ይጠፋል። መበተኑ ቢዘነጋ አቅጣጫው ይሳሳታል፤ መዋጡ ቢዘነጋ ጕልበቱ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ብርሃን በበረዶ ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ፥ ማለት በአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅ፥ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ያልታሰበበት የ100 ናኖሰከንድ መዘግየት የ22 ሜትር ስሕተት ነው ማለት ነው።

መድኀኒቱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተቀብሯል። እያንዳንዱ መቀበያ ከብርሃን መቍጠሪያው ጋር 12 ኤል.ኢ.ዲ. የተባሉ ጥቃቅን ብርሃን ሰጪዎች አሉት። ከእነዚህ 6ቱ ወደ ጐን፥ 6ቱ ወደ ላይ አዘንብለው ያበራሉ። አብዛኛዎቹ የሚሰጡት ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 400 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ብልጭታውም 100 ናኖሰከንድ እንኳ አይሞላም። ከላይ ትእዛዝ ሲደርስ አንዱ መቀበያ ብልጭ ይላል፤ የቀሩት ይመዘግባሉ። የኒውትሪኖ ብርሃን ከየትና መቼ እንደ ተነሣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ የኤል.ኢ.ዲ. ብርሃን ግን ስፍራውም፥ ጊዜውም፥ አቅጣጫውም የታወቀ ነው። ስለዚህ ዋናው ያልታወቀ ነገር በመካከል ያለው በረዶ ይሆናል።

ከተመዘገበውም ሦስት ነገር እንማራለን። በቅርብ ወዳለው መቀበያ መጀመሪያ የሚደርሱት ፎቶኖች ቀጥታውን መንገድ የመጡ ስለ ሆኑ፥ ሰዓቶቹ መስማማታቸውንና መቀበያዎቹ በታሰበው ስፍራ መሆናቸውን ያሳያሉ። ዘግይተው የሚደርሱት የመበተኑን መጠን ይገልጣሉ። ርቀቱ ሲጨምር የፎቶኖቹ ብዛት የሚቀንስበት መጠን ደግሞ መበተኑ ከታሰበ በኋላ የመዋጡን ልክ ያመለክታል። ከዚህ በኋላ በረዶው 10 ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው ንብርብሮች ተከፍሎ፥ ለእያንዳንዱ ንብርብር የመበተንና የመዋጥ ቍጥር ይሰጠዋል። ኮምፒውተር በእነዚህ ቍጥሮች የፎቶኖቹን ጕዞ አስልቶ ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል፤ ሁለቱ እስኪስማሙም ቍጥሮቹ ይታረማሉ።

በረዶው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ቀድሞም ታውቆ ነበር። ከአይስኪዩብ በፊት የነበረው አማንዳ የተባለው መሣሪያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ሲሞከር፥ የአየር አረፋዎች ብርሃኑን ክፉኛ ስለ በተኑት ወደ ታች መውረድ ግድ ሆነ። አረፋዎቹ በክብደት ብዛት በሚጠፉበት ጥልቀት ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ፤ ከ2,000 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ በጥንት ዘመን የወረደ አቧራ የበዛበት ንብርብር አለ። በ2013 ደግሞ ብርሃን በረዶው በሚፈስበት አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ አብልጦ እንደሚደርስ ከኤል.ኢ.ዲ. ፈተና ተገለጸ። በ2024 የታተመ ጥናት ይህን ያስረዳው የበረዶው ክሪስታሎች ብርሃኑን ቀስ በቀስ ከመንገዱ በማዘንበላቸው ነው።

ይሁን እንጂ ፈተናው ራሱ ወሰን አለው። የኤል.ኢ.ዲ.ው የብርሃን መጠን ፍጹም በሆነ ልክ አይታወቅም፤ በጕድጓዶቹ ውስጥ ዳግመኛ የረጋው በረዶም ከአካባቢው ይለያል። አንድ ቀለም ብቻም ለሁሉ ስለማይበቃ በ16 መቀበያዎች ሌላ ቀለም ያላቸው ኤል.ኢ.ዲ.ዎች ተደርገዋል። የመቀበያዎቹ ስሜት ከከባቢ አየር በሚወርዱ ሙዎኖች ይመዘናል። አቅጣጫው ደግሞ በጨረቃ ይፈተናል፤ ጨረቃ ከሰማይ የሚመጡትን ጨረሮች ስለምትከለክል፥ በእርስዋ አንጻር የሙዎኖቹ ቍጥር ይቀንሳል። ጥላው ጨረቃ ባለችበት ከታየ የአቅጣጫው ስሌት ትክክል ነው። አንዱ ምስክር የሳተውን ሌላው ያርመዋል።

ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ዝርዝር ነው የሚል ቢኖር ውጤቱን ይመልከት። በ2022 ሊቃውንቱ ኤን.ጂ.ሲ. 1068 ከተባለው ጋላክሲ ኒውትሪኖ ለመምጣቱ ማስረጃ አቀረቡ። ማስረጃው የተገኘው ከ2011 እስከ 2020 የተመዘገበውን በተሻሻለ ልኬት እንደ ገና በመመርመር ነው። ስለ በረዶውና ስለ መቀበያዎቹ ያለው ዕውቀት በተሻለ መጠን አሮጌው መዝገብ አዲስ ነገር ይናገራል። የአቅጣጫው ስሌት ጥቂት ቢሳሳት ግን ያልበደለው ኮከብ በተከሰሰ፥ እውነተኛው ምንጭም ተሰውሮ በቀረ ነበር። እኛም በቤተ ሙከራችን የምናነበው ቍጥር ሁሉ ስለምንለካው ነገርም ስለ መለኪያውም በአንድነት እንደሚናገር፥ ሁለቱንም መለየት የተመራማሪ ግዴታ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።